ከእጅ ወደ እጅ፦ ንባብ በሰው ልጅ ላይ ያለንን ተስፋ የሚመልሰው እንዴት ነው?

(በአሰላ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለነዋሪዎች በቃል ከቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



የታሪክ ተማሪዎች ሁለተኛ ዓመት ላይ ሲደርሱ ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። ባነበቡ ቁጥር በሰው ልጅ ላይ ያላቸው እምነት እየሳሳ እንደሚሄድ ይናገሩና፣ «ታዲያ ለምን እናነባለን?» ይላሉ። ጥያቄው የስንፍና ጥያቄ አይደለም። የአርሲን ታሪክ ለማንበብ የሚነሣ ወጣት ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች የሚያገኘው እ.ኤ.አ. በ1886 የተደረገውን የአዙሌን ጦርነትና የዚያን ዘመን ደም ነው። በሔጦሳ ወረዳ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአኖሌ መታሰቢያ ሐውልት፣ ያ ዘመን የተዘጋ መዝገብ እንዳልሆነና ዛሬም እንደሚያከራክረን ይመሰክራል። ቀጣዩን ገጽ ሲገልጥ ጭሰኝነት ይመጣል፤ ከዚያም ከመሬቱ የተፈናቀለ ገበሬ፣ ከዚያም ቀይ ሽብር። እንዲህ ባለ ንባብ መካከል ቆሞ «ንባብ በሰው ልጅ ላይ ያለንን ተስፋ ይመልሳል» ማለት ድፍረት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ዛሬ የቆምሁት ይህንኑ ለማለት ነው። ምክንያቴንም ከታሪካችን ሰዎች ሥራ እያወጣሁ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ካላልሁ በቀር በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ማንበብ ብቻውን አላዳነንም

ለተማሪዎቹ ጥያቄ በተለምዶ የሚሰጠው መልስ መልካም መጽሐፍ መልካም ሰው ያደርጋል የሚል ነው። የቅርብ ዘመን ታሪካችን ይህን መልስ በቀላሉ አይቀበለውም። በ1960ዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ትውልድ ንባብን እንደ ግዴታ የቆጠረ ትውልድ ነበር። መጽሔት ያዘጋጃል፣ ይተረጉማል፣ በንባብ ክበብ ይከራከራል። «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣውም ያየውንና ያነበበውን አገናዝቦ ነው። ይኸው ትውልድ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በኢሕአፓና በመኢሶን ጎራ ተከፈለ። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አንድ ዓይነት መጻሕፍት ያነበቡ ጓደኛሞች ተገዳደሉ። ደርግም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብርን አውጆ የብዙ ሺህ ወጣቶችን ሕይወት ቀጠፈ። ከሟቹም ከገዳዩም ወገን አንባቢ ነበረ።

እንግዲህ ተስፋው ያለው በመጽሐፉ ውስጥ በሰፈረው መልካም ቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ትውልድ በዳነ ነበር። የማቀርብላችሁ ሐሳብ ከዚህ የተለየ ነው። ንባብ በሰው ላይ ያለንን ተስፋ የሚመልሰው፣ አንድ ጽሑፍ እኛ ዘንድ እንዲደርስ ሌሎች ሰዎች የከፈሉትን ስናውቅ ነው። ከእያንዳንዱ ገጽ በስተጀርባ የጻፈ፣ የተረጎመ፣ የደበቀ፣ ፊደል ያስቆጠረ ወይም ጮክ ብሎ ያነበበ ሰው አለ። ያ ሰው የማያውቀውን አንባቢ አምኖ ነው የሠራው። የታሪክ ባለሙያ ሥራ ደግሞ ያንን ሰው ፈልጎ ማግኘት ነው።

ማዕከላዊ፤ በሲጋራ ወረቀት የተተረጎመ መጽሐፍ

ይህን ሐሳብ ለመፈተን የሚጠቅመን የመጀመሪያው ምስክር ከእስር ቤት ይመጣል። ገጣሚውና ጋዜጠኛው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን በፖለቲካ ምክንያት ታስረው በማዕከላዊ ብዙ ዓመታት አሳልፈዋል። እዚያም የአሜሪካዊቷ የማርጋሬት ሚቸል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተሰኘ ልብ ወለድ እጃቸው ገባ። መጽሐፉ ከአንድ ሺህ ገጽ በላይ ነው። በክፍሉ ካሉት እስረኞች እንግሊዝኛ አንብቦ የሚረዳው ሁሉም አልነበረም፤ መጻፊያ ወረቀትም አልነበረም። የነበረው በሲጋራ ፓኬት ውስጥ የሚገኘው ብልጭልጭ ወረቀት ነው። ነቢይ መጽሐፉን በዚያ ወረቀት ጀርባ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት ወደ አማርኛ መለሱት፤ ለክፍል ጓደኞቻቸውም አነበቡላቸው። የወረቀቶቹ ቁጥር 3,000 ያህል ደረሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለዛሬው ርእሳችን ይበልጥ የሚያስፈልገን ክፍል ነው። ወረቀቶቹ ከእስር ቤቱ የወጡት በአንድ ሰው እጅ አልነበረም። የሚፈታ እስረኛ ሁሉ ጥቂት ጥቂት ቅጠል ደብቆ ይዞ ይወጣ ነበር። አንድ ሰው ቢያዝ ምን እንደሚገጥመው ሁሉም ያውቀዋል። ነፃነቱን ሊያገኝ በሩ ላይ የደረሰ ሰው፣ የሌላ ሰው የትርጉም ሥራ በኪሱ ይዞ ለመውጣት መፍቀዱን እስቲ አስቡት። ተርጓሚው ራሳቸው ከተፈቱ በኋላ ወረቀቶቹን ከያሉበት ለማሰባሰብ ዓመታት ፈጀባቸው። ሥራው በመጨረሻ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ታትሞ ወጣ። ዛሬ ይህን መጽሐፍ የሚገዛ አንባቢ በእጁ የሚይዘው የማርጋሬት ሚቸልን ታሪክ ብቻ አይደለም። አደራ ተቀብለው አደራ ያልበሉ፣ ስማቸው በሽፋኑ ላይ ያልሰፈረ ሰዎችን ታማኝነት ጭምር ነው።

እዚህ ላይ የታሪክ ሰው ሊያልፈው የማይገባ አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1936 የታተመው ይህ ልብ ወለድ የአሜሪካን ደቡብ የባሪያ አሳዳሪዎች ኑሮ በናፍቆት የሚያይ መጽሐፍ ነው። በእርሻው ላይ የሚለፉትን ጥቁሮች የሚያሳየው በአሳዳሪዎቻቸው ዓይን ነው፤ በዚህም ምክንያት በአገሩ ብርቱ ወቀሳ ሲቀርብበት ኖሯል። የማዕከላዊ እስረኞች ያገኙት መጽናኛ ከመጽሐፉ ፍጹምነት የመነጨ ነው ልንል አንችልም። ያጽናናቸው፣ አንድ ሰው ለእነርሱ ሲል መተርጎሙ፣ እነርሱም በጋራ ማዳመጣቸውና በጋራ መሸሸጋቸው ነው። ጉድለት ያለበት መጽሐፍ በታማኝ እጆች ሲያልፍ ሰዎችን በሕይወት ሊያቆይ ቻለ።

መፍታትና መፍታት

መጽሐፉ ባርነትን ካነሣ ዘንድ፣ ከባርነት ወጥተው መጽሐፍ የሠሩ የራሳችንን ሰዎች ማስታወስ ተገቢ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ተወለዱ፤ በሕፃንነታቸው ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጡ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1870 ምፅዋ ላይ ነፃ ወጡ። ቤተሰቦቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ነበር። በኦሮምኛ «ሂኩ» መፍታት ማለት ነው፤ የታሰረን መፍታትም ነው፣ ቃልን መተርጎምም ነው። የአማርኛውም «ፈታ» እንዲሁ ነው፤ እስረኛም ይፈታል፣ ሕልምም ቅኔም ይፈታል። ሁለቱ ቋንቋዎች በዚህ ነጥብ ላይ መገናኘታቸው፣ ለዛሬው ርእሳችን ከብዙ ማብራሪያ የሚበልጥ ማስረጃ ይመስለኛል።

የአዙሌ ጦርነት በተደረገበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1886፣ በባርነት ተሸጠው በቀይ ባሕር በመርከብ ይጓጓዙ የነበሩ ወጣቶች በጣሊያን ባሕር ኃይል አማካይነት ነፃ ወጡ። ከእነርሱ መካከል አስቴር ጋኖ ይገኙበት ነበር። አስቴር በምፅዋ አቅራቢያ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተው ከኦኔሲሞስ ጋር መሥራት ጀመሩ። ከልጅነት ትዝታቸው እያወጡ 500 ያህል የኦሮሞ ተረቶች፣ ዘፈኖች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና እንቆቅልሾች በጽሑፍ አሰፈሩ። ከዚህ ክምችት ብዙው እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የኦሮምኛ የንባብ መማሪያ ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1899 ደግሞ በስማቸው የሚታወቀው የኦኔሲሞስ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ፤ በዚህም ሥራ ውስጥ የአስቴር የቋንቋ ዕውቀት ከፍተኛ ድርሻ ነበረው። ሁለቱም መጻሕፍት የተጻፉት በግእዝ ፊደል ነው።

እስቲ የዚህን ሥራ ክብደት እንመዝነው። ዘመድ አዝማድ የሌላት፣ ከአገሯ በግፍ የተነጠለች ወጣት እናቷ የነገረቻትን ተረት ብትረሳ ማንም አይወቅሳትም ነበር። እርሷ ግን ገና ላልተወለዱ ልጆች መማሪያ ይሆን ዘንድ ጻፈችው። ሰው ሸጧታል፤ እርሷም በሰው ላይ ያላትን እምነት ሙሉ ለሙሉ ብታጣ ኖሮ ለማን ትጽፍ ነበር? የንባብ መማሪያ የሚያዘጋጅ ሰው፣ አንድ ቀን አንድ ልጅ ተቀምጦ ያነበዋል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። መጻሕፍቱ ስለ ባርነት ምንም ባይሉ እንኳ፣ መኖራቸው ብቻውን ይመሰክራል።

በአርሲ ደጋ የፊደል ዋጋ

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። ከአሰላ በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጭላሎ ይታያል፤ ከሥሩ ያለው ደጋ የስንዴና የገብስ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጠራሩ «ካዱ»፣ ማዳበሪያና የተሻሻለ የስንዴ ዘር ለገበሬው አቀረበ፤ ምርቱም አደገ። ይሁንና መሬቱ ትርፍ ማስገኘቱ በታወቀ ጊዜ ባለመሬቶች ትራክተር እያመጡ ጭሰኞችን ማፈናቀል ጀመሩ። ለአነስተኛ ገበሬ የታሰበው ልማት ለብዙ ጭሰኛ የስደት ምክንያት ሆነ።

በዚያ ሥርዓት ውስጥ አለማንበብ ምን ማለት እንደነበር ተማሪዎቻችን ሊገነዘቡት ይገባል። ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በአማርኛ ነው፤ ጭሰኛው አብዛኛውን ጊዜ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። አቤቱታውን የሚጽፍለት ሌላ ሰው፣ ቃሉን የሚያስተረጉምለት ሌላ ሰው ነው። በመጨረሻ እርሱ አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ያሳርፋል። ምን ላይ እንዳሳረፈ የሚያውቀው አንባቢው ነው። በአንባቢና በማያነብ መካከል የነበረው ግንኙነት የእምነት ወይም የክህደት ግንኙነት ነበር።

በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ከ50,000 በላይ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲሰማሩ አርሲም ዘማቾች ደርሰዋት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። ከዚያም ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ትምህርቱ በአምስት ቋንቋዎች፣ ማለትም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛና በሶማልኛ ተጀምሮ ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። በዛፍ ጥላ፣ በገበሬ ማኅበር አዳራሽ፣ በማታ በኩራዝ ብርሃን አያት ከልጅ ልጅ ጎን ተቀምጦ ፊደል ቆጠረ። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን የዓለም አቀፉን የንባብ ማኅበር ሽልማት አስገኝቷል።

ዘመቻውን ስናነሣ ሚዛን መጠበቅ አለብን። መማር ግዴታ ነበር፤ መማሪያዎቹ የመንግሥቱን ርእዮተ ዓለም ይሰብካሉ፤ ይፋ የተደረጉትን አኃዞች ተመራማሪዎች በጥንቃቄ ነው የሚያዩአቸው። ከሁሉ በላይ፣ ገበሬውን «አንብብ» ያለው ያው መንግሥት ማዕከላዊን በአንባቢዎች ሞልቶት ነበር። በ1975 ዓ.ም. የታተመውን የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ከገበያ ሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. እንደ ወጡ ቀሩ። አንዱ እጅ ፊደል ሲያስቆጥር ሌላው እጅ መጽሐፍ ይነጥቅ ነበር። ይሁን እንጂ ፊደል አንዴ ከተቆጠረ በኋላ በማን ፈቃድ እንደሚያገለግል መንግሥት ሊወስን አይችልም። የታገደውን «ኦሮማይ» ሰዎች ደብቀው ተዋሱት፤ አንዱ ያነበበውን ሌላው እስኪያነብ በሌሊት ጠበቁት። ያላነበበውም አልተረሳም። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ፊደል የማያውቅ ገበሬና የዩኒቨርሲቲ መምህር አንድ መጽሐፍ እኩል አዳመጡ።

ለእኔ ከዘመቻው የሚቀረው ትልቁ ቁም ነገር በአኃዝ የሚለካ አይደለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያልጨረሰ ልጅ፣ በዕድሜ አባቱን የሚሆን ገበሬ እጅ ይዞ እርሳስ ሲያስጨብጥ፣ ቀድሞ በአውራ ጣት አሻራ የተመሠረተው ግንኙነት ተለወጠ። የሚያነበው ሰው ለማያነበው መሣሪያውን አስረከበ። ለዘመናት አንባቢነት መብለጫ ሆኖ በኖረበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የዚህ ደጋ ልጅ ለትምህርት የከፈለው ዋጋ ዓለም ባየው አካል ላይ ተጽፏል። በአሰላ አካባቢ ተወልዶ ያደገው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይሄድ ነበር፤ ደብተርና መጻሕፍቱን በግራ ክንዱ ሥር ይዞ። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያገኝ ግራ ክንዱ እንደዚያው ታጥፎ ነበር። ብዙዎች የሩጫውን ስልት ያደንቃሉ፤ እኛ ደግሞ በዚያ ክንድ ሥር መጽሐፍ እንደነበረ እናስታውስ። እያንዳንዷ ደብተር ሊሸጥ ከሚችል እህል፣ ሊጠበቅ ከሚገባው ከብት ላይ ተቀንሳ የተገዛች ናት።

ሁለት ፊደል፣ አንድ ከተማ

እስካሁን ስላለፈው ተናግሬአለሁ፤ ነገሩ ግን ዛሬንም ይመለከታል። በ1971 ዓ.ም. የአርሲ ገበሬ ኦሮምኛን የተማረው በግእዝ ፊደል ነው። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ልጆች ኦሮምኛን የሚማሩት በቁቤ ነው። ለለውጡ የሚቀርበው ምክንያት ጠንካራ ነው፤ የግእዝ ፊደል የኦሮምኛን አናባቢ ርዝመትና የተነባቢ መጥበቅ ለይቶ አያሳይም። ውጤቱ ግን በአንድ ቤት ውስጥ አባት በአንድ ፊደል፣ ልጅ በሌላ ፊደል አንባቢ የሆኑበት ጊዜ መምጣቱ ነው። በዚህ ከተማ ደግሞ አማርኛ ብቻ የሚያነብና ኦሮምኛ ብቻ የሚያነብ ተማሪ በአንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ። ስለ አዙሌና ስለ አኖሌ፣ ስለ ጭሰኛውና ስለ ባለመሬቱ እያንዳንዱ የሚያነበው የራሱን መደርደሪያ ነው። አንዱ ሌላው ምን እንዳነበበ አያውቅም። ስለማያውቅም ይጠረጥራል።

በንባብ ተስፋ የመቁረጥ ነገር ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚያሰጋኝ እዚህ ላይ ነው። የሚያስጨንቅ ታሪክ ማንበብ ብቻውን ሰውን ተስፋ አያስቆርጥም፤ ብቻን ማንበብ ግን ያስቆርጣል። ያነሣኋቸው ሰዎች ሁሉ የሚመሳሰሉበት አንድ ባሕርይ አለ፤ አንዳቸውም ብቻቸውን አላነበቡም። ነቢይ ያነበቡት ለሌሎች እየተረጎሙ ነው። ሂካና አስቴር ያነበቡት በእናታቸው ቋንቋ ለሚመጣው ልጅ መንገድ እየጠረጉ ነው። ዘማቹ ያነበበው ፊደሉን ለገበሬው እያስረከበ ነው። ሁሉም ፈቺዎች፣ ሁሉም አሻጋሪዎች ነበሩ።

ስለዚህ ለተማሪዎች ጥያቄ የምሰጠው መልስ በሥራ የሚገለጽ ነው። ኦሮምኛ የምታነቡ አንድ ምዕራፍ ወደ አማርኛ ተርጉማችሁ ለጎረቤታችሁ አንብቡለት፤ አማርኛ የምታነቡም እንዲሁ አድርጉ። የሚያሳምም ገጽ ከሆነ ደግሞ አብራችሁ አንብቡት፤ ጠብ ካለበት በንባቡ ላይ ተከራከሩ። ከዚህ ጎን ለጎን ጊዜ የማይሰጥ ሌላ ሥራ አለ። በ1971 ዓ.ም. 20 ዓመት የሞላቸው አስተማሪዎች ዛሬ ከ65 ዓመት አልፈዋል፤ ያኔ በአርባዎቹ ዕድሜ የነበሩት ተማሪዎቻቸውማ ብዙዎቹ አልፈዋል። የዘመቻው የአርሲ ታሪክ በአብዛኛው የሚገኘው በእነዚህ ሰዎች ትዝታ ውስጥ ነው።

በሚቀጥለው የዕረፍት ጊዜ ወደየቤታችሁ ስትሄዱ፣ አያቶቻችሁንና አባቶቻችሁን ፊደል ያስቆጠራቸው ማን እንደነበር ጠይቁ። በየትኛው ቋንቋ፣ በየትኛው ቀበሌ፣ በማን ግቢ ውስጥ እንደተማሩና የመጀመሪያው ያነበቡት ነገር ምን እንደነበር በተናገሩበት ቋንቋ ጻፉ። የአስተማሪውን ስም አትርሱ። የተጻፈውን ስታመጡ አንዳችሁ የሌላችሁን እንድትተረጉሙ እናደርጋለን፤ ከዚያም በክፍል ውስጥ ጮክ ብለን እናነበዋለን።